«ይፋዊ ታሪክ የለም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ፦ በኤልደር ስክሮልስ መላምት ሁሉ እኩል አይመዘንም

ስለ ኤልደር ስክሮልስ ተከታታይ ጨዋታዎች የወጣ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ተጫዋቾች ሲቀባበሉት ነበር። ፍሬ ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ በጨዋታዎቹ ውስጥ ያሉት መጻሕፍት እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ አዘጋጁ ቤተስዳም ሲያሻው የራሱን ቃል ይሽራል፤ ስለዚህ «ይፋዊ ታሪክ» የሚባል ነገር የለም፣ አድናቂ ያፈለቀው መላምት ሁሉ ከጨዋታው ቃል እኩል ነው። ለዚህም አምስት ማስረጃ ይደረድራል፦ የጥንቱን የጦር መሪ የኔሬቫርን አሟሟት፣ «የዘንዶውን መሰበር» (የጊዜን መሰበር)፣ የንጉሠ ነገሥቱ ግዛት እምብርት የሆነችውን የሲሮዲልን ጫካ፣ የኤልፎች ገዥ ቡድን የሆነውን የታልሞርን ዓላማና ድዌመር የተባለውን የኤልፍ ዘር መጥፋት።

ጸሐፊው ተከታታዩን አጥብቆ እንደሚወድ ያስታውቃል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ማስረጃዎቹ ግን የተጫነባቸውን መደምደሚያ አይሸከሙም። በእሱው ቅደም ተከተል እንያቸው።

የመጀመሪያው የኔሬቫር ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው ሞሮዊንድ ውስጥ ስለ ኔሬቫር ሞት የሚተርኩት ምንጮች ስለማይስማሙ እውነቱን ማወቅ አይቻልም ይላል ጽሑፉ። ምንጮቹ እንደማይስማሙ አያከራክርም። ይሁን እንጂ ጨዋታው ማን ምን እንዳለ ብቻ ሳይሆን ያን እንዲል ምን እንደገፋፋውም አብሮ ያሳያል፤ ጽሑፉ የዘለለው ይህን ነው። ኔሬቫር በቀይ ተራራ ጦርነት በደረሰበት ቁስል ሞተ የሚለው የቤተ መቅደሱ ትረካ ነው። ቤተ መቅደሱ የሚያመልካቸው አልማሌክሲያ፣ ሶታ ሲልና ቪቬክ ደግሞ በግድያው የሚከሰሱት ሦስቱ ራሳቸው ናቸው። የሞሮዊንድ ዘላን ጎሣዎች የሆኑት አሽላንደሮች ከትውልድ ትውልድ ያቆዩት ትረካ የገዛ አማካሪዎቹ ገደሉት ይላል፤ ምንጩም የኔሬቫር ጋሻ ጃግሬ የነበረው አላንድሮ ሱል ነው። ሦስተኛው ቪቬክ ራሱ የሚሰጠው ቃል ሲሆን ግድያውን ይክዳል፤ ነገር ግን ሦስቱ አዙራ በተባለችው አምላክ ስም የገቡትን መሐላ አፍርሰው የድዌመሩን ሊቅ የካግሬናክን መሣሪያዎች ሎርካን በተባለው አምላክ ልብ ላይ እንደተጠቀሙና አምላክነትን በዚያ እንዳገኙ ያምናል።

እነዚህ ሦስት ምስክሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የማይናወጥ አጽም ይወጣቸዋል። በቀይ ተራራ ጦርነት ነበር፤ ድዌመሮች በዚያው ጊዜ ጠፉ፤ ኔሬቫር ሞተ፤ ሦስቱ የአምላክነት ኃይላቸውን ያገኙት ከሎርካን ልብ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን አንዳቸውም አይክዱም፤ አራተኛውን ደግሞ ቪቬክ ራሱ ያምናል። ከዚህም አልፎ ጨዋታው ራሱ ያረጋግጠዋል፦ በመጨረሻው ተልዕኮ ተጫዋቹ ከካግሬናክ መሣሪያዎች አንዱን፣ የእጅ ጓንቱን ሬይዝጋርድን፣ አጥልቆ ልቡን መጀመሪያ በመዶሻው በሰንደር፣ ቀጥሎ በጩቤው በኪኒንግ ደጋግሞ ይመታል፤ ልቡ ሲለቀቅ የጨዋታው ዋና ባላንጣ ዳጎዝ ኡር ያከትምለታል፣ የሦስቱም የኃይል ምንጭ ይነጥፋል። መጽሐፍ ሊዋሽ ይችላል። ተጫዋቹ በገዛ እጁ የፈጸመውና ውጤቱን በዓይኑ ያየው ነገር ግን ከማንም ትረካ በላይ ነው።

ክርክሩ የቀረው ግድያው ላይ ብቻ ነው። እዚህ ላይ የአድናቂ ሥራ ምን ያህል ሊሄድ እንደሚችል የሚያሳይ ነገር አለ፤ ጽሑፉ ሳይነካው ማለፉ ያስቆጫል። «የቪቬክ 36 ስብከቶች» የሚባሉት መጻሕፍት በላያቸው የቪቬክ ውዳሴ ናቸው። ሃያ ዘጠነኛው ስብከት ግን ቁጥሮችን በተራ ይዘረዝራል፤ ከእያንዳንዱ ተራ ቁጥር ጎን አንድ ስያሜ፣ ከስያሜው ቀጥሎም ሌላ ቁጥር ይሰጣል። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ተራ ቁጥሩ የስብከቱን ቁጥር ይነግራል፣ ከስያሜው ቀጥሎ ያለው ደግሞ በዚያ ስብከት ውስጥ ስንተኛውን ቃል ማንሳት እንዳለብን። ከአንደኛው ጎን 1 ተጽፏል፤ የመጀመሪያው ስብከት የመጀመሪያ ቃል «እሱ» ነው። ከሁለተኛው ጎን 68 አለ፤ በሁለተኛው ስብከት 68ኛውን ቃል ታነሳለህ። በዚህ መንገድ ሲገጣጠም የሚወጣው መልእክት አምላክ ሆኖ አለመወለዱን፣ ወደ ወንጀሉ የመራው ዕጣ ፈንታ ሳይሆን የራሱ ፈቃድ መሆኑን፣ አምላክነትን እንደሰረቀና ሆርታቶሩን እንደገደለ ይናዘዛል፤ ይህን የጻፈውም ቪቬክ መሆኑን ይጨምራል። ሆርታቶሩ ኔሬቫር ነው። ሰሙ ውዳሴ፣ ወርቁ ኑዛዜ።

መፈተሽ የሚፈልግ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል፦ ቆጠራው የሚሠራው በመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ ብቻ ነው፤ በትርጉም የቃላቱ ቦታ ስለሚቀየር መልእክቱ ይፈርሳል። አርእስቱም አይቆጠርም። በዚህ መልክ የቀረበን ግኝት ጨዋታውን የገዛ ሁሉ ደግሞ ሊያረጋግጠው ይችላል። ማንም ሊፈትሸው ከማይችል ግምት ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ያገኙትን ሰዎች ድካም ማቃለል ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ የዘንዶው መሰበር ነው። እንደ ጽሑፉ አባባል ይህ ጸሐፊዎቹ ስህተታቸውን ለመሸፈን የፈጠሩት ሁሉን የሚፈቅድ ዘዴ ነው፤ እሱ ካለ ማንኛውም መላምት እውነት ሊሆን ይችላል። ነገሩ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ዳገርፎል ተጫዋቹ ኑሚዲየም የተባለውን ግዙፍ የናስ ሰው ማዘዝ የሚያስችለውን ቅርስ ለማን እንደሚሰጥ ራሱ ይመርጣል። ለዳገርፎል፣ ለሴንቲኔል፣ ለዌይረስት ወይም ለኦርሲኒየም ገዥ፣ ለትሎች ንጉሥ ለማኒማርኮ፣ ለአንደርኪንግ፣ አለዚያም ለንጉሠ ነገሥቱ ወገን ሊሰጠው ይችላል። በኋላ የመጡት ጨዋታዎች ከእነዚህ መካከል አንዱን መርጠው ሌላውን አልሰረዙም። በጨዋታዎቹ አቆጣጠር በሦስተኛው ዘመን 417 በኢሊያክ ባሕረ ሰላጤ ጊዜ ተሰበረ፣ የማይገጣጠሙት ፍጻሜዎች በአንድነት ተፈጸሙ አሉ።

አሁን ዝርዝሩን እንይ። ክስተቱ ቦታ አለው፣ ዓመት አለው፣ መንስኤ አለው፤ መንስኤውም ኑሚዲየም ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥሎት ያለፈው አሻራ አለ። በባሕረ ሰላጤው ዙሪያ የነበሩት በርካታ ትናንሽ ግዛቶች ተውጠው አራት መንግሥታት ብቻ ቀሩ፤ ኦርሲኒየም ዕውቅና ያለው የኦርኮች አገር ሆነ፤ ማኒማርኮ በአንድ በኩል አምላክ ሆኖ እያለ በ2006ቱ ኦብሊቪየን ውስጥ ሟች ጠንቋይ ሆኖ በዋሻ ውስጥ ይገኛል። ከዚያ በፊት የሚታወቀው ሌላው ስብራት በአንደኛው ዘመን የማሩካቲ ቡድን የጊዜ አምላክ የሆነውን አካቶሽን ከኤልፋዊ ባሕርዩ ለመለየት ባደረገው ሥርዓት የተነሳ ሲሆን 1008 ዓመት እንደፈጀ ይነገራል። እሱም ቢሆን ያስነሳው ድርጊትና የሚናገሩለት ምስክሮች አሉት።

ስለዚህ «የስካይሪም የእርስ በርስ ጦርነት በሁለቱም ወገን ድል የተጠናቀቀው በዘንዶ መሰበር ነው» የሚለውን፣ ጽሑፉ በምሳሌነት ያነሳውን መላምት፣ በዚህ መስፈርት እንጠይቀው። መንስኤው ምንድን ነው? ኑሚዲየም አልተነሳም። በጊዜ ላይ የተፈጸመ ሥርዓት የለም። የማይታረቁ ሁለት ነገሮች አብረው መኖራቸውን የሚመሰክር ሰነድ አልወጣም። ያለው አንድ ሐቅ ብቻ ነው፦ ቤተስዳ የጦርነቱን አሸናፊ እስካሁን አልተናገረም። ያልተነገረን ነገር «ሁለቱም ሆኗል» ብሎ መተርጎም መልስ ሳይሰጡ መልስ እንደሰጡ መቁጠር ነው።

በሦስተኛው ነጥብ፣ በሲሮዲል ጫካ፣ ጽሑፉ ግማሽ እውነት ይዟል። እ.ኤ.አ. በ1998 ከሬድጋርድ ጨዋታ ጋር የወጣው የንጉሠ ነገሥቱ ግዛት መመሪያ ሲሮዲልን ማለቂያ የሌለው ጫካ አድርጎ ይገልጻታል። በኦብሊቪየን ግን ተጫዋቹ የሚጋልበው በሣር ሜዳና በቀዝቃዛ አገር ደን ውስጥ ነው። ቃሉ ተሽሯል፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። ጽሑፉ የሳተው ቀጥሎ የሆነውን ነው። ጨዋታዎቹ ልዩነቱን አልደበቁትም፤ ማብራሪያ ሰጥተውታል፣ ያውም እርስ በርስ የሚፎካከሩ ማብራሪያዎችን። በስካይሪም (2011) ኋይትረን ከተማ አደባባይ ላይ የሚጮኸው፣ አምላክ ሆኗል የሚባለው የንጉሠ ነገሥት ታሎስ ሰባኪ ሃይምስከር፣ ታሎስ ወታደሮቹ ጫካውን እንደጠሉ አይቶ በእስትንፋሱ ምድሪቱን እንደቀየረላቸው ይሰብካል። በኤልደር ስክሮልስ ኦንላይን (2014) ውስጥ የሚገኝ መጽሐፍ ደግሞ ጫካ የሚለው ገለጻ ከጥንት የጽሑፍ ቅጂ ስህተት የመጣ ሊሆን እንደሚችል ይገምታል።

የትኛው ያመዝናል? ኦንላይን የሚካሄደው በሁለተኛው ዘመን 582 ነው፤ ታይበር ሴፕቲም፣ ማለትም በኋላ ታሎስ የተባለው ሰው፣ ገና አልተወለደም። በዚያ ጊዜ ሲሮዲል ጫካ አይደለችም። እንግዲህ ታሎስ ቀየራት የሚል ሰው ለውጡ ወደ ኋላ ሄዶ ያለፈውንም ጭምር ነክቷል ብሎ መከራከር ይኖርበታል። ይህ በዚህ ዓለም የማይሆን ነገር አይደለም፤ ግን ተጨማሪ ሸክም ነው፣ ሸክሙን የሚያነሳውም መላምቱን ያቀረበው ሰው ነው። በእኔ ሚዛን የቅጂ ስህተቱ ቀለል ያለ መልስ ነው፣ የሃይምስከር ስብከት ግን ለተከታታዩ መንፈስ ይቀርባል። ሁለቱም ግን የተባሉት በማን አፍ እንደሆነ እናውቃለን፦ አንዱ በሰባኪ፣ አንዱ በምሁር።

አራተኛው ነጥብ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ ጽሑፉ ትልቁን ስህተት የሠራው እዚህ ነውና። «ታልሞር የታሎስን አምልኮ የከለከለው ዓለምን አፍርሶ ኤልፎች ከሥጋዊ ሕይወት እንዲላቀቁ ነው፤ ይህ የታወቀ ነው» ይላል። የታወቀው በአድናቂዎች ዘንድ ነው። በወጡት ጨዋታዎች ውስጥ አንድም የታልሞር ሹም ይህን ሲናገር አይሰማም፣ አንድም የታልሞር ሰነድ ይህን አይልም።

ሐሳቡ የመጣው ከማይክል ከርክብራይድ ነው። ከርክብራይድ በሬድጋርድና በሞሮዊንድ ላይ የሠራ፣ 36ቱን ስብከቶችም የጻፈ ሰው ነው። ከቤተስዳ ከለቀቀ በኋላ በዚሁ ዓለም ላይ የተመሠረቱ በርካታ ጽሑፎችን ከጨዋታው ውጭ አውጥቷል፤ ከእነሱም አንዱ አንድ ኤልፍ ስለ ታሎስ የጻፈው ማስታወሻ ተደርጎ የቀረበ ሲሆን ሰውን ከዓለም የመደምሰስንና ታሎስን የመፋቅን ዓላማ የሚናገረው እሱ ነው። ጽሑፉ ግሩም ነው። የተጻፈውም ይህን ዓለም ከመሠረቱ ከሚያውቅ ሰው እጅ ነው። ሆኖም ከጨዋታው ውጭ ያለ ጽሑፍ እስከሆነ ድረስ ደረጃው ከጨዋታው ሰነድ በታች ነው።

ድንበሩ ግን የማይሻገር አይደለም፤ ለዚህም ማስረጃው ከላይ ያነሳሁት ሃይምስከር ነው። ስለ ጫካው የሚሰብከው ቃል መጀመሪያ ከርክብራይድ ከጨዋታው ውጭ የጻፈው ነበር። እስከ 2011 ድረስ ማንም በይፋዊ ታሪክነት ሊጠቅሰው አይችልም ነበር። ስካይሪም ሲወጣ በአንድ ሰባኪ አፍ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይፋዊ የሆነው ታሎስ ጫካውን መቀየሩ ሳይሆን የታሎስ ተከታዮች ይህን ማመናቸው ነው። ጽሑፉ ይህን ልዩነት ቢይዝ ኖሮ ከአምስቱ ነጥቦች አራቱን እንደገና ይጽፋቸው ነበር።

ታዲያ ታልሞር ምን እንደሚፈልግ ጨዋታው ምን ይላል? በስካይሪም «የዲፕሎማሲ ከለላ» በሚባለው ተልዕኮ ተጫዋቹ በግብዣ ሰበብ ወደ ታልሞር ኤምባሲ ይገባና የሚስጥር መዝገቦችን ያነባል። የስካይሪም ዓመፀኞች፣ የስቶርምክሎኮች፣ መሪ የኡልፍሪክ ስቶርምክሎክ መዝገብ በታላቁ ጦርነት ጊዜ እንደተማረከ፣ የታልሞሯ ኤለንዌን እንደመረመረችው፣ ከዚያም ለታልሞር ጥቅም እንዲውል እንዲያመልጥ እንደተደረገ ይናገራል። በዚያው መዝገብ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ዋናው ነው፦ የስቶርምክሎኮች ማሸነፍም መወገድ አለበት ይላል። ፍላጎታቸው የእርስ በርስ ጦርነቱ እንዲራዘምና የንጉሠ ነገሥቱ ግዛት እንዲደማ ነው። በአራተኛው ዘመን ከ171 እስከ 175 የተካሄደው ታላቅ ጦርነትና እሱን ያቆመው የነጭ ወርቅ ስምምነት ላነሷቸው ጥያቄዎች ይህ ተጨባጭ ፖለቲካዊ መልስ ነው። በዚያው ኤምባሲ ሌላም ነገር ይገኛል፦ ታልሞሮች ዘንዶዎቹ ለምን እንደተመለሱ አያውቁም፤ ለማወቅ ሲሉ ስለ ዘንዶዎች የሚያውቀውን ኤስበርንን እያደኑ ነው። የዓለምን መፍረስ በእጁ ይዟል የተባለ ድርጅት ዓለም-በሊታው ዘንዶ አልዱዊን ሲነቃ ከማንም ባልተሻለ ሁኔታ ግራ ተጋብቶ መገኘቱን መላምቱ ማስረዳት ይኖርበታል።

ለመላምቱ ፍትሕ መስጠት ካለብን ደግሞ ከጨዋታው ውስጥ የሚደግፈውን ማንሳት ይገባል፤ ጽሑፉ ይህንንም አላነሳም። «የዘንዶ-ወለዱ መጽሐፍ» ውስጥ ያለውና በአልዱዊን ግድግዳ ላይ የተቀረጸው ትንቢት መስመር በመስመር ሲነበብ ተከታታዩን ጨዋታዎች በቅደም ተከተል ይጠራል። ክፉ አስተዳደር በስምንቱ የዓለም ማዕዘናት ሲነግሥ የሚለው የ1994ቱ አሪና ነው፤ ጃጋር ታርን ዙፋኑን የነጠቀበት። የናሱ ግንብ ሲራመድና ጊዜ እንደ አዲስ ሲቀረጽ የሚለው ዳገርፎል፤ የናሱ ግንብ ኑሚዲየም ነው። ሦስት ጊዜ የተባረኩት ሲወድቁና ቀዩ ግንብ ሲንቀጠቀጥ የሚለው ሞሮዊንድ። ዘንዶ-ወለዱ ገዥ ዙፋኑን ሲያጣና ነጩ ግንብ ሲወድቅ ኦብሊቪየን። የበረዶው ግንብ ተሰንጥቆ፣ ያለ ንጉሥ፣ እየደማ ሲቀር ደግሞ ስካይሪም፤ ኡልፍሪክ ታላቁን ንጉሥ ቶሪግን ገድሎ አገሪቱ ለሁለት ተከፍላለች። በመላምቱ መሠረት ዓለምን አጽንተው የያዙት ግንቦች በዓለሙ ሥርዓት ውስጥ ክብደት እንዳላቸው ከዚህ ወዲያ የሚጠራጠር የለም። ትንቢቱ ግን የአልዱዊንን መንቃት ከግንቦቹ ጋር ያያይዛል እንጂ ታልሞርን በስም አይጠራም፣ ግንብ የማፍረስ ዕቅድም አይገልጽም። መላምቱ እስከዚህ ድረስ መሠረት አለው፤ ከዚህ በኋላ ያለው በከርክብራይድ ጽሑፍ ላይ የቆመ ነው። በዚህ መልክ ቢቀርብ ኖሮ ምላሽ ባላስፈለገው።

አምስተኛው የድዌመር መጥፋት ነው። ቤተስዳ መልሱን ስላልሰጠ ሁሉም መልስ እኩል ነው ይላል ጽሑፉ። መልሱ ባይሰጥም መልሱን የሚያጥሩት ሐቆች ግን ተሰጥተዋል። አንደኛ፣ የጠፉት በአንደኛው ዘመን 700 በቀይ ተራራ ጦርነት፣ ካግሬናክ መሣሪያዎቹን በሎርካን ልብ ላይ ባዋለበት ጊዜ ነው። ሁለተኛ፣ የጠፉት በተራራው የነበሩት ብቻ አይደሉም፤ በስካይሪም ፋልመር ከሚባሉት ኤልፎች ጋር ሲዋጉ የነበሩትም ድንገት ጠፍተዋል። ሦስተኛ፣ በሞሮዊንድ ትሪቢዩናል ማስፋፊያ ባምዝ-አምሼንድ በተባለው የድዌመር ፍርስራሽ ውስጥ ከጦር ልብሳቸው አጠገብ የአመድ ክምር ይታያል። አራተኛ፣ ድዌመሩ ያግሩም ባጋርን በዚያ ሰዓት በሌላ ዓለም ስለነበር ተርፏል፤ በቴል ፊር ሥር ባለው ኮርፕረስ የተባለ በሽታ የያዛቸው ሕሙማን ማቆያ ውስጥ በሕይወት ይገኛል፤ ይነጋገራል። አምስተኛ፣ በስካይሪም የዊንተርሆልድ ኮሌጁ ጠንቋይ አርኒየል ጌን ድርጊቱን በትንሹ ለመድገም ይሞክራል። ተጫዋቹን 10 የድዌመር ጥርስ ጎማዎች ያስመጣዋል፣ ተጫዋቹ በድዌመር መሣሪያ ያሞቀለትን የተጣመመ የነፍስ ዕንቁ በልብ ምትክ ያኖራል፣ በኪኒንግ ይመታዋል፤ ወዲያው ይጠፋል። የሚቀረው ተጫዋቹ ሊጠራው የሚችል ጥላው ብቻ ነው።

በእነዚህ አምስት ሐቆች አማካይነት የሚታወቁትን መላምቶች እንፈትሻቸው። ድዌመሮች ከመሬት በታች ተደብቀዋል የሚለው በአመዱና በያግሩም ይወድቃል፤ የገዛ ሕዝቡን ፈልጎ አላገኘም። ፋልመሮች ጨረሷቸው የሚለው ሌላ ግዛት የነበሩት በአንድ ጊዜ መጥፋታቸውን አያስረዳም። ሁሉም አንድ ላይ ወደ ሌላ ዓለም ተሻገሩ የሚለው ከአርኒየል ጥላ ጋር ሊስማማ ይችላል፣ ከአመዱ ጋር ግን ይጋጫል። የኑሚዲየም አካል ሆኑ የሚለው ከሁሉም የተሻለ ይቆማል፤ ሞሮዊንድ ውስጥ ያሉት የድዌመር መጻሕፍት ካግሬናክ ለሕዝቡ አዲስ አምላክ ሊሠራ መነሳቱን ስለሚያሳዩ። ያም ሆኖ «አካሉ ሆኑ» የሚለውን ቃል በቃል የሚመሰክር የጨዋታ ሰነድ የለም። ዕንቁው ሞቀ፣ መታው፣ ጠፋ ከሚለው የአርኒየል ሙከራ በመነሳት ግን አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ፦ መጥፋቱ የመሣሪያዎቹ ሥራ ነው፤ ይህን የማያካትት መላምት ከመነሻው ውድቅ ነው።

አሁን ኳሱ በጸሐፊው ሜዳ ነው። ስድስተኛው ኤልደር ስክሮልስ እ.ኤ.አ. በ2018 መታወጁ ይታወሳል። በዚያ ጨዋታ ውስጥ ታልሞር ግንቦችን በዕቅድ እንደሚያፈርስ የሚናገር አንድ ደብዳቤ፣ አንድ መዝገብ ወይም የአንድ ሹም ቃል ቢገኝ በአራተኛው ነጥብ ላይ የጻፍኩትን እቀይራለሁ። እሱስ «ሁሉም እኩል ነው» የሚለውን አቋሙን ለመቀየር ምን ዓይነት ማስረጃ ይበቃዋል?